ሁለት መስመር በአንድ ቦይ፤ ከደሴ ላፍቶ ደርሶ መልስ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ወር አለፈኝ። የደሴ ሰው መቼስ ወሬ ነፍሱ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ "ተፈራ፣ አዲስ አበባ እንዴት ከረመች?" ያላለኝ የለም። ለሁሉም "ጭቃ ናት" እያልኩ ሳልፍ ቆየሁ። ጭቃ መሆኗስ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሳልናገረው የቀረ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ የስድስቱን ቀን ውሎዬን በየተራ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ተነሳሁ። ሐውልትና ቤተ መንግሥት ላስጎበኛችሁ አልችልም። እኔ ስድስት ቀን ያየሁት ጉድጓድ ነው።

ሰኞ

እኔ የስልክ ገመድ ቀጣይ ነኝ። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ዕድሜዬን ሙሉ በወሎ ምድር ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀጭን ሽቦ ከቀጭን ሽቦ ጋር ሳጋጥም ኖሬአለሁ። ቅዳሜ ለት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣልኝ። "በነፋስ ስልክ በኩል የዳታ መስመር ስለተቆረጠ ለጥገናው እንዲረዱ፤ በተጨማሪም በርክክቡ ሰነድ ላይ ፊርማዎ ስለሚገኝ ዓርብ በኮሚቴ ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ" ይላል። "ፊርማዎ" የምትለዋን ቃል ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ደበቅኩት።

ለምን እንደደበቅኩት አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ እየደበቅኩ መጻፍ አልችልበትም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ኢንተርኔት የሚሉት ነገር አገራችን ገና መግባቱ ነበር፤ ነፋስ ስልክ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከፈተች። በዚያ በኩል ያሉ ፋብሪካዎችና ቢሮዎች ኢሜላቸውን የሚልኩትና የሚቀበሉት በእሷ በኩል ነው። ወደ ክፍሏ ሁለት ገመድ እንዲገባ ታዘዘ፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ተጠባባቂ። ዋናው ቢበጠስ ማሽኑ ራሱ ዐውቆ መልእክቱን ሁሉ በቅጽበት ወደ ተጠባባቂው ያዞረዋል። ስለዚህ ሁለቱ ገመዶች በተለያየ መንገድ መቀበር አለባቸው። ባለ ዶማ አንዱን ቢመታ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

የሥራው ኃላፊ ጌታሁን ነበር። ጌታሁን አበልጄ ነው፤ የሴት ልጁ የሰላማዊት ክርስትና አባት ነኝ። እኔም ለአንድ ወር ከደሴ ተልኬ አብሬው ሠራሁ። ዋናውን ቀበርን። ተጠባባቂው ግን ላፍቶ ላይ በአንድ ገበሬ የጤፍ ማሳ መሀል ያልፋል ተባለ። ጥቅምት ነው፤ ጤፉ ዘርዝሮ፣ ነፋስ ሲነካው ወዲያ ወዲህ ይላል። ቆፋሪዎቹ ሁሉም የገበሬ ልጆች ናቸው። ዶማቸውን አስቀምጠው "በደረሰ እህል ላይስ አንቆፍርም፤ ግፍ ነው" አሉ። ጌታሁንም አንጀቱ አልቻለም። "እስኪታጨድ ድረስ ከዋናው ጋር አንድ ቦይ ውስጥ ይተኛ" አለ። ኅዳር ላይ ቡድኑ ሌላ ሥራ ተላከ፤ ሰኔ ላይ በጀት ተዘጋ። ገመዶቹ ጎን ለጎን እንደተኙ ቀሩ።

ሰነዱ ግን መፈረም ነበረበት። ምሳ እየበላን ሳለ ጌታሁን ወረቀቱን አወጣና "አበልጄ፣ ሁለቱ በየብቻቸው መቀበራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ነው። እንዳልሆነ ታውቃለህ። ከፈለግክ ተወው" አለኝ። እኔ ምን አልኩ? "ኧረ አምጣው፣ አንተ ደግሞ!" ብዬ እጄን በሶፍት ጠርጌ ፈረምኩ። አበልጄን እንዴት እምቢ እላለሁ? ይሉኝታ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው።

ሰኞ ጥዋት ከደሴ ስንነሳ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። ከሚሴ ላይ ጎማ ፈነዳ። ያ ሲገርመን ወደ ሰሜን የሚወጣ የወታደር መኪና በሰልፍ መጣና ጥግ ይዘን ቆምን፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት እያንዳንዱን መኪና በዓይናቸው እየፈለጉ አሳለፉት። ሮቢት ላይ የበላነው ጥብስ ጥርስ ይፈትን ነበር፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሥጋ ለእንግዳ ቢቀርብ የቤቱ ጌታ ለሰባት ዓመት ይታማል። ጣርማ በርን በጉም አለፍን። አዲስ አበባ የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ በዝናብ።

ታክሲ ተሳስቼ ኮልፌ ድረስ ሄድኩ። ወያላው "ፋዘር፣ ኮልፌ እኮ ነው ያልኩት" ቢለኝም ጨርሶ አላለም። ተመልሼ ነፋስ ስልክ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ርሼ ነበር። የጌታሁን ሚስት ጽጌ ጎመን በሥጋ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠበችኝ። ጌታሁን ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። "ሆቴል ልይዝ አስቤ ነበር" ብል ጽጌ ተቆጣች። "አበልጅ እያለ ሆቴል? ደሴ እንዲህ ነው የሚሠራው?" አለችኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ከልጅቷ በቀር የሳቀ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ

በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ወደ ላፍቶ ወጣን። ጎፋን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ወርደን ገፋን፤ አልወጣ አለች። በመጨረሻ በእግር ሄድን። የወሎ ጭቃ ይይዝሃል፤ የላፍቶ ጥቁር መሬት ግን ይውጥሃል። የቀኝ ጫማዬ ቀረ። በካልሲ ቆሜ እጄን እስከ ክርን ሰድጄ ብፈልግ ሊገኝ አልቻለም። ጌታሁን በዚያ ሳምንት የሳቀው ያኔ ብቻ ነው፤ ሳቁም ወዲያው ቆመ።

ቦታውን ሳየው ክው አልኩ። ያ የጤፍ ማሳ የለም። እኛ አንድ ዘለላ ላለማጥፋት ብለን ሥራ ያበላሸንለት ማሳ፣ በዚያው በሁለተኛው ዓመት ለቤት ሠሪዎች ተሰጥቶ፣ ግማሽ የቆመ የብሎኬት ቤት ብቻ ሞልቶታል። ቤቶቹን ጎርፍ ቢያስቸግራቸው ቦይ ይቆፈርልን አሉ፤ ቆፋሪ ማሽን መጣ። ማሽኑ አንድ ጊዜ አካፋውን ሰድዶ ሁለቱንም ገመድ አብሮ መዘዛቸው። ጫፋቸው ውሃ ውስጥ ተኝቶ አየሁት። መተዋወቅ እንኳ ያልነበረባቸው፣ ተቃቅፈው ነው የሞቱት።

ከአንዱ ቤት ጥግ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ዱላ ይዘው መጡ። ጌታሁን "ኦቦ ደበላ ናቸው፤ የማሳው ባለቤት" አለኝ በቀስታ። የማሳው ባለቤት የነበሩት ሰው አሁን የሕንጻ ዕቃ ዘበኛ ናቸው፤ በገዛ መሬታቸው ላይ ሲሚንቶ ይጠብቃሉ። እግሬን ቁልቁል አዩና ወደ ቆርቆሮ ቤታቸው ገብተው ቦቲ ጫማ ይዘው ወጡ። "የልጄ ነው። ልጄ ከተማ ገባ፤ ጫማው ቀረ። አድርገው" አሉኝ። ሰፋኝ፤ ጨርቅ ጠቅጥቀው ሰጡኝ።

ያን ለት የገመዱን ጫፍ ስንቆርጥ ዋልን። ውሃ የገባበት ገመድ ደረቅ እስኪገኝ ድረስ ወደ ኋላ እየተቆረጠ ይኬዳል። እኛ አንድ ክንድ ስንቆርጥ ውሃው ሌላ ክንድ ቀድሞን ይገኛል። በመልሳችን ያቺን ክፍል ጎራ ብለን አየናት። መብራቶቹ ሁሉ ቀይ ናቸው። የክፍሏ ሠራተኛ ራሔል ትባላለች፤ ደንበኛ ሲሰድባት ውሎ ድምጿ ጠፍቷል። "ትናንት አንድ ሰውዬ መጡ" አለችን። "ወንድማቸው ውጭ አገር ሆስፒታል ተኝቷል፤ የሐኪሙ መልስ የሚመጣው በኢሜል ነው። ከጥዋት እስከ ማታ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ዛሬ አልመጡም።" ጌታሁን ወንበሩን አየው።

ረቡዕ

ዝናብ። ጉድጓዱ ላይ ሸራ ወጠርንና እኔና ጌታሁን ውስጡ ተቀመጥን። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በቀለም ተለይተዋል፤ ሰማያዊውን ከሰማያዊው፣ ብርቱካኑን ከብርቱካኑ እያልክ አንድ በአንድ ታጋጥማለህ። አንዱን ብትስት የአንዱ ቢሮ መልእክት ሌላ ቢሮ ይገባል። ጣቴ በብርድ ደርቆ አልታዘዝ ሲለኝ ጌታሁን እጄን በእጆቹ መሀል ይዞ ያሽልኝ ነበር።

እዚያ ተቀምጠን ነው የተናገረው። "ዓርብ ላይ አንተ ዝም በል" አለኝ፤ ቀና ሳይል።

"ምን ማለትህ ነው?"

"አላየም፣ አታልዬ አስፈረምኩት እላለሁ። አንዱ ከሚበቃ ሁለታችንም ለምን እንወድቃለን? አንተ ሦስት ዓመት ነው የቀረህ።"

"ኧረ በሕግ አምላክ! እያወቅኩ አይደል የፈረምኩት? እናገራለሁ። ጥፋቱ ለሁለት ቢካፈል ምናልባት ቅጣት ብቻ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ከሆነ ግን ያባርሩሃል።"

"ያባርሩኛል" አለ። "አረንጓዴውን አቀብለኝ።"

በቁልቢው ገብርኤል ማልኩለት። እናገራለሁ አልኩት። መማሌን እወቁልኝ፤ ዋሽቼ አልነበረም፤ የዚያን ሰዓት ከልቤ ነበር።

ምሳ ሰዓት ኦቦ ደበላ ጠሩን። ረቡዕ ነውና ሽሮ በትልቅ ሳህን አቀረቡልን። ቤታቸው ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል፤ እሳቸው ናቸው ውጭ የቆሙት። ጌታሁን ስለ ሁለተኛው መንገድ አነሳ። ዋናውን መጠገን ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ነገም ያው ማሽን ይቆርጠዋል። አሁንስ በየት በኩል ይቆፈር?

ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ ታች ዘረጉ። "በዚያ በድንጋዩ ካብ ጥግ። አባቴ የከመረው ካብ ነው። ጥጉ ደረቅ ነው፣ አይሰምጥም፣ ታርሶም አያውቅ። ቀጥ ብሎ መንገዱ ድረስ ይሄዳል። ቤት ሠሪዎቹም ወሰን ስለሆነ አይነኩትም።"

ጌታሁን ጉርሻውን ይዞ ቀረ። "ያኔስ ነበር?"

"ካቡ? ከእኔ በፊት ነበር እንጂ!"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩንም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ ኦቦ ደበላ። "ዶማ ይዛችሁ መጣችሁ፣ ጤፌን አያችሁ፣ እርስ በርስ ተነጋገራችሁ፣ ሄዳችሁ። እኔ እዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ አያችኋለሁ። እነዚህ ምን ፈልገው ነበር ስል ከረምኩ።"

ጌታሁን ሳህኑን ገፋ አደረገው። እኛ ለእሳቸው አዝነን፣ እሳቸውን ማስቸገር ነውር መስሎን፣ ሰውየውን አንድ ቃል ሳንጠይቅ ነው ሁለት ዓመት የከረምነው። ርኅራኄያችንን አፍ ሰጥተነው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አሁንም ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሐሙስ

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ሰማዩ ተገለጠ። ሃያ ቆፋሪ በካቡ ጥግ ተሰለፈ። ሽማግሌው እንዳሉት መሬቱ ደረቅ ነው፣ ቀይ ድንጋይ የተቀላቀለበት። ኦቦ ደበላ የዘበኝነታቸውን ሥራ ትተው ከፊት ከፊት እየሄዱ "እዚህ ጋ ሥር አለ፣ ወደ ግራ" እያሉ መሩን። ከአምስት ሰዓት በፊት አዲሱ ተጠባባቂ ገመድ ቦዩ ውስጥ ተኛ። የዋናውንም ቀጠላ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩት።

ጌታሁን "ሞክሩት" ሲባል የወትሮውን ዓይነት ሙከራ እምቢ አለ። የወትሮው ሙከራ ክፍሏ ውስጥ የዋናውን መሰኪያ መንቀል ነው። "ያንንማ ያኔም ሞክረነው ሠርቷል" አለ። "መሰኪያ ገመዱ የት እንደተቀበረ አይጠይቅም። እኔ እዚህ መሬት ላይ ዋናውን እፈታዋለሁ፤ አንተ ክፍሏ ሂድና እይ።"

ሄድኩ። ራሔል ስልኩን ይዛ ቆመች። አንዲት ሴት ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ረጅም ደብዳቤ ትልካለች። ጌታሁን በስልክ "ልፈታው ነው" አለ። የዋናው መብራት ቀይ ሆነ። እስትንፋስ ሳልወስድ የተጠባባቂው መብራት አረንጓዴ ሆኖ መርገብገብ ጀመረ። ሴትዮዋ ቀና እንኳ አላለችም፤ መጻፏን ቀጠለች። አንድ መንገድ ተዘግቶ በሌላው መሄዷን አላወቀችም። ሥራችን ሲሳካ የሚያውቅልን ሰው የለም።

"ዞረ!" አልኩት በስልኩ።

"ሙሉ በሙሉ?"

"ሙሉ በሙሉ! ሴትዮዋ አልሰማችም እንኳ!"

ከዚያ በኩል ድምፅ ጠፋ። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ እያለቀሰ ነበር።

ራሔልን ስለዚያ ሰውዬ ጠየቅኳት፤ ወንድማቸው ሆስፒታል ስለተኛባቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስመሩ እንደተመለሰ መጥተው ኢሜላቸውን ከፈቱ አለችኝ። ሐኪሙ የጻፈው ባለፈው ሐሙስ ነው፤ ለቀዶ ጥገናው ፈቃድ በሦስት ቀን ውስጥ ስጡኝ ይላል። ከሥሩ ሁለተኛ መልእክት ነበር። ሰውየው እሱን አንብበው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ከዚያም አመስግነዋት ወጡ። "አመሰገኑኝ እኮ" እያለች ራሔል ደጋግማ ነገረችኝ። ይህንን ለጌታሁን ነግሬው አላውቅም።

ዓርብ

ሱፌን ለበስኩ። ጽጌ ክራባቴን አስተካከለችልኝና "አበልጄ፣ አንተ እያለህ አይጎዱትም" አለችኝ። እኔም "አይዞሽ" አልኳት። ታክሲ ውስጥ የምናገረውን ቃል በቃል አጠናሁት። እያወቅኩ ነው የፈረምኩት። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ማሳውን የተውነው ለእህሉ አዝነን ነው፤ ምስክርም አለን።

ሐሙስ ለት እንዲመጡልን የለመንኳቸው ምስክር በሩ ላይ ነበሩ። ኦቦ ደበላ ነጭ ጋቢያቸውን አጥበው፣ ከላፍቶ በእግራቸው መጥተው፣ የግቢው ዘበኛ "ስምዎ ዝርዝር ውስጥ የለም" ብሎ ከልክሏቸዋል። ዘበኛ ለዘበኛ እንኳ አልተዛዘነም። ጌታሁን ቢለምንም አልሆነም። "ግዴለም፣ ሲጠሩኝ እገባለሁ" ብለው አጥሩ ሥር ተቀመጡ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው መነጽር ያደረገ፣ ትሑት፣ ሻይ ያዘዘልን ሰው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰነዱን ወደ እኔ አዞረው።

"አቶ ተፈራ፣ ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ሁለቱ መስመሮች በተለያየ መንገድ መቀበራቸውን በዓይንዎ አይተው ነው የፈረሙት?"

አፌን ከፈትኩ። ጌታሁን ቀድሞኝ ተነሳ። "አላየም" አለ። "ሠርቼ ጨርሻለሁ አልኩት፤ አመነኝ። አበልጄ ስለሆነ አልጠረጠረኝም። አታልዬ ነው ያስፈረምኩት።"

ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ ተመለከተ። "አቶ ተፈራ፣ አታልለውዎት ነው?"

ያጠናሁት ሁሉ ነበር፤ አልጠፋብኝም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ደሴ ያለው ቤቴ፣ ጡረታዬ፣ ሰው "ተፈራ ተባረረ" ሲል፣ እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡብኝ። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም፣ ፈራሁ።

"አዎ" አልኩ።

ጌታሁን ተቀመጠ። አልተገረመም። እንዲያውም ዕቃ ተሸክሞ ያወረደ ሰው ይመስል ትከሻው ረገብ አለ። ሰብሳቢው "አመሰግናለሁ አቶ ተፈራ፤ ሐቀኛ ሰው ነዎት" አለኝ።

ከምሳ በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ጌታሁን ከሥራ ተሰናበተ፤ ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀት ጉዳዩ ለሕግ ክፍል ተመራ። እኔ "ለወደፊቱ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ" የሚል ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ስንወጣ ኦቦ ደበላ እዚያው አጥሩ ሥር ናቸው፤ ዝናብ ጀምሮ ጋቢያቸውን አርሶታል። "ጨረሳችሁ?" አሉ። "እኔን ማንም አልጠራኝም እኮ።" ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ነፋስ ስልክ አልተመለስኩም። "አውቶቡሱ በማለዳ ስለሚነሳ መናኸሪያው አጠገብ አድራለሁ" አልኩት። "ጥሩ ነው" አለ። ሁለታችንም ምክንያት መሆኑን እናውቃለን። ያረፍኩበት ሆቴል ፍራሹ እንደ ወንዝ ዳር ድንጋይ ነበር፤ ግን በዚያ ለማማረር ምን አፍ አለኝ። ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጌታሁን መናኸሪያ መጣ። እኔ አልጠራሁትም። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ ለጫኙ ሰጠ፣ ሸራ በደንብ እንዲያለብሰው አስጠነቀቀው፣ ሾፌሩንም "አደራ፣ ወንድሜ ነው፤ ከፊት አስቀምጥልኝ" አለው።

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ስለ መስመሩ ነገረኝ። በካቡ ጥግ ያለችው የመጨረሻዋ መገናኛ ቸኩለን ስለዘጋናት እርጥበት ሳይቀርባት አይቀርም፤ መስከረም ላይ ተከፍታ እንድትታይ ለራሔል ደውልላት አለኝ። "እኔ ብደውል አይሰሙኝም" አለ። የተባረረ ሰው ነው ይህን የሚያስበው። አዎ አልኩት፤ መቼም "አዎ" ማለት ለምዶብኛል።

ከጃኬቱ ሥር በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣ። ገና ይሞቃል።

"ድፎ ነው። ጽጌ ናት" አለኝ። "ትናንት ሳትመጣ ስትቀር ስታለቅስ አደረች። 'ተቀይሞን ነው' አለች። 'አምኖህ የመጣውን ሰው አታልለህ ስሙን አጎደፍክበት፤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?' አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስታ ጋገረችው። ስለ ባሌ ይቅር በለን በልልኝ ብላለች።"

"ለእሷ እንኳ አልነገርካትም?"

"ምኑን?"

"ጌታሁን!"

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ። ጌታሁን ጨርቁን እጄ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ አጠፈው፤ ጉድጓዱ ውስጥ በብርድ የደረቀ ጣቴን እንደያዘው አድርጎ። "ለጽጌ ከነገርኳት ሰላማዊት ትሰማለች" አለ። "ልጅቷ ሁለት አባት ነበራት። አንዱ፣ እኔ፣ ትናንት ወደቅኩባት። የቀረው አንዱ ስሙ ንጹሕ ሆኖ ይቆይላት።"

ግባ፣ ግባ አለኝ። ገባሁ። በመስኮት ሳየው እጁን አነሳልኝ፤ እኔ ዳቦውን ስለያዝኩ ማንሳት አልቻልኩም።

እስከ ደብረ ብርሃን ጭኔ ላይ እንደያዝኩት ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ "ሽታው ግሩም ነው፣ የእናት ቤት ነው?" አለኝ። ጨርቁን ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩት። ደብረ ሲና ላይ ሰዎች ቆሎ ሊገዙ ወረዱ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ከዓርብ ጥዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ጨርቁን ፈታሁት። ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጋበታለች። ቆርሼ በላሁ። ጣፋጭ ነበር።